እንኳን እኔ መንግሥቱ ወርቁም ያለ ጎል ተመልሷል

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ኳስ ነው። ኳስ የማትወዱም ገጹን ገልጣችሁ አትለፉ፣ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል። አርብ በዕረፍት ሰዓት የስፖርት ክበብ ተሰብስቦ የታናናሾቻችንን ቡድኖች ማን ያሰልጥን የሚለውን ይወስናል።

እንደምታውቁት አምና በክፍል ለክፍል ውድድር ብዙ ጎል ያገባሁት እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ጉልበቴን ተጎዳሁና መጫወት አልቻልኩም። "በቃ አንተ 5ኛ ሀን አሰልጥን" ተባልኩ። ደስ አለኝ። በመጀመሪያው ጨዋታ 4 ለ 0 ተሸነፍን! ትንሹ በረኛችን እያለቀሰ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ውስጥ ሳልፍ "አንተ ያን ሁሉ ጎል አግብተህ እነሱን ማሰልጠን እንዴት ያቅትሃል?" ይሉኛል። አንዳንዶቹ ደግሞ ቡድኑ ከእኔ ተወስዶ ዘንድሮ ብዙ ጎል ላገባው ልጅ ይሰጥ ብለው ለክበቡ አመልክተዋል።

እውነቱን ልናገር፣ ልተወው ነበር። ማታ ለአካኮ ነገርኳቸው። አካኮ ሳቁና "መንግሥቱ ወርቁን ታውቃለህ?" አሉኝ። ስሙን ሰምቼ ነበር እንጂ ታሪኩን አላውቅም ነበር። እሳቸው ከነገሩኝና ከስፖርት መምህራችን ጠይቄ ከሰማሁት የሚከተለውን ጻፍኩ።

መንግሥቱ ወርቁ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነበር። በጥር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ ለፍጻሜ የደረስነው ከግብፅ ጋር ነው። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩን። ተክሌ ኪዳኔ አንዱን አቻ አደረገ፣ ወዲያው እንደገና አገቡብን፣ ከዚያ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አራተኛውን ያስቆጠረው መንግሥቱ ነው። 4 ለ 2! ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ የሰጡት ንጉሡ ራሳቸው ናቸው። በዚያ ውድድር መንግሥቱ 3 ጎል አግብቶ ከግብፁ በደዊ ጋር እኩል ኮኮብ ግብ አግቢ ሆነ።

ያ ሁሉ ጎል ያገባ ሰው ከ20 ዓመት በኋላ በ1974 ዓ.ም. አሰልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሊቢያ ሄደ። ምን ሆነ መሰላችሁ? በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጣ። በሦስት ጨዋታ አንድም ጎል የለም! አካኮ ያኔ በሬዲዮ ሲከታተሉ ሰው ሁሉ ይናደድ እንደነበር ያስታውሳሉ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ 0 ለ 0 የወጣንበት የአልጄሪያ ቡድን በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈው ነው። እኛ ደግሞ ከዚያ በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጊዜ፣ 31 ዓመት ቆይተን ነው። ታዲያ መንግሥቱ መጥፎ አሰልጣኝ ነበር ልንል ነው? እኔ አልልም። አሰልጣኝ ከመስመር ውጭ ቆሞ ራሱ መምታት አይችልማ!

ዲኤስቲቪ ቤት የምትገቡ ልጆች እንግሊዞቹንም ታውቃላችሁ። ላምፓርድ ለቼልሲ 211 ጎል ያገባ ሰው ነው፣ አሰልጣኝ ሲሆን ግን ያው ቼልሲ አባረረው። ሩኒ በርሚንግሃምን ያሰለጠነው ለ15 ጨዋታ ብቻ ነው። ሞሪንሆ ግን በተጫዋችነቱ ማን ያውቀዋል? በሌላ በኩል የ1954ቱን ቡድናችንን ያሰለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው የጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ማሰልጠን አይችልም እያልኩ አይደለም። ሁለቱ ሥራ ይለያያል ነው የምለው።

እኔ ይህን ያወቅሁት በራሴ ነው። በዚያ ጨዋታ ከመስመር ላይ ሆኜ "ምታ! ምታ!" እያልኩ ስጮህ ነበር። ዓይኔ ያለው አጥቂዎቹ ላይ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም እኔ አጥቂ ነኝ። ከጨዋታው በኋላ ለሚኒ ሚዲያችን ውጤት የምትመዘግበው የ7ኛ ሀ ልጅ ደብተሯን አሳየችኝ። አራቱም ጎሎች የመጡት በእኛ ቀኝ በኩል ነው። እዚያ ያቆምኩት ልጅ ግራኝ ነው። አላየሁም! እሷ ኳስ ስትጫወት አይተናት አናውቅም፣ ግን አየችው።

ይህ ጽሑፍ ለራሴ ብዬ የጻፍኩት ሊመስላችሁ ይችላል። ትንሽ እውነት አለው። ግን የክበቡ አባላት እባካችሁ ስሙኝ። በአንድ ሽንፈት አሰልጣኝ አትቀይሩ፣ ሁለት ጨዋታ ይቀረናል፣ ልጆቹም ገና መለማመዳቸው ነው። መቀየር አለበት ካላችሁም ጎል እየቆጠራችሁ አትምረጡ። በእኔ የሠራችሁትን ስሕተት በዚያ ልጅ ላይ ልትደግሙት ነው። እሱም እንደ እኔ "ምታ! ምታ!" ብሎ ይጮሃል፣ ከዚያ እሱንም ትሰድቡታላችሁ።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ የ7ኛ ሀዋ ልጅ ከጎኔ ትቁም። እኔ አጥቂዎቹን አለማምዳለሁ፣ እሷ ጨዋታውን ታያለች፣ ማን የት ይቁም የሚለውን እሷ ትወስናለች። ጠይቄያት ነበር፣ "ወንዶቹ ይስቁብኛል" አለችኝ። የሚስቅ ካለ መጀመሪያ በእኔ 4 ለ 0 ይሳቅ።

ግራኙን ልጅ ማክሰኞ ወደ ግራ አዛውሬዋለሁ። በረኛችንም ወደ ልምምድ ተመልሷል። የማትስማሙ ካላችሁ እስከ ሐሙስ ድረስ ጽፋችሁ በክበባችን በር ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ክተቱልን፣ በሰልፍ ሰዓት እናነበዋለን።

ከ8ኛ ለ ክፍል