የፈረስ ሕክምና የሚለመደው በእጅ ነው

በዓለም የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1761 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ሲፈቀድ፣ መንግሥትን ያሳሰበው ደስታ የተባለው ከብቱን የሚፈጅ ወረርሽኝ ነበር። መሥራቹ ክሎድ ቡርዠላ ግን የግልቢያ ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ሲበዛ የፈረስ ሰው ነው፤ ትምህርቱም ለረጅም ዘመን ፈረስን ይዞ ቆይቷል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በብዙ አገር ተማሪው የልምምድ ጊዜውን የሚያሳልፈው ከውሻና ከድመት ወይም ከላም ጋር ስለሆነ፣ ፈረስ ዘንድ ሲደርስ እጁ ያመነታል። ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረስ ባላትና በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ በሆነችው ኢትዮጵያ ይህ ማመንታት ይበልጥ ያስቆጫል።

የክሊኒክ ትምህርት የሚጀምረው ከበሽታ ሳይሆን ከአቀራረብ ነው። ፈረስ ዓይኖቹ በጎን በኩል ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል፤ የማይታየው ግንባሩ ፊት ለፊትና በቀጥታ ከኋላው ያለው ቦታ ነው። ስለዚህ ተማሪው ድምፁን እያሰማ በግራ ትከሻው በኩል ሰያፍ ይቀርባል፣ ልባቡን ይይዛል፣ ከኋላ እግሩ አንጻር አይቆምም። ይህ በመጽሐፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ ያልለመደው ሰው ግን የቀረውን ሁሉ ቢያውቅም ፈረሱን ሊመረምር አይችልም።

ቀጥሎ ምርመራው ይመጣል። ሐኪሙ መጀመሪያ በሩቁ ቆሞ አቋሙን፣ አተነፋፈሱንና ፋንድያውን ያያል። ከዚያ የመንጋጋውን ሥር ዳስሶ የልብ ምቱን ይቆጥራል፤ ያረፈ ጎልማሳ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፣ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ድዱ በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። የአንጀት ድምፅ ከግራም ከቀኝም፣ ከላይም ከታችም ይደመጣል። አብዛኛው ማስተማሪያ እዚህ ላይ ይቸኩላል። ብዙ ጤነኛ ፈረስ ያላዳመጠ ተማሪ የታመመው ሆድ ዝም ሲል ዝምታውን አይለየውም።

የፈረስ ክሊኒክ ዋነኛ ፈተና የሆድ ቁርጠት ነው። ፈረስ አያስታውክም፤ በጨጓራው መግቢያ ያለው ጡንቻ ወደ ላይ አያሳልፍም። ጨጓራው በፈሳሽ ወይም በጋዝ ሲወጠር ማስተንፈሻ ካላገኘ ሊፈነዳ ይችላል። ማስተንፈሻው በአፍንጫ ገብቶ እስከ ጨጓራ የሚዘልቅ ቱቦ ነው፤ ሥራው ቀላል መስሎ አደገኛ ነው። ቱቦው በምግብ ቧንቧ ፋንታ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ መድኃኒት ቢፈስበት ፈረሱ በሳንባው ይሞታል። አለመሳልን ብቻ ማመን አይበቃም፤ ቱቦው በአንገቱ በግራ በኩል ሲወርድ መታየትና በጣት መዳሰስ አለበት። በፊንጢጣ እጅ አስገብቶ አንጀትን መዳሰስም እንዲሁ ነው፤ የፈረስ ፊንጢጣ ቀጭን ስለሆነ ከተቀደደ ሕይወት ያልፋል። እነዚህን ሥራዎች በአንድ ማስተማሪያ ፈረስ ላይ ተራ ገብቶ መደጋገም በእንስሳው ላይ ግፍ ነው። የጎማና የፕላስቲክ አምሳያ መጠቀም የሚያስፈልገው መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው፤ ለደሃ ኮሌጅም ቢሆን ቅንጦት አይደለም።

መርፌም የራሱ ወጥመድ አለው። መድኃኒት የሚሰጠው በአንገት ደም መልስ ነው፤ ከሥሩ ግን ወደ አንጎል የሚወጣው ደም ቅዳ ያልፋል። መርፌው ስቶ ወደዚያ ከገባ ፈረሱ በቅጽበት ይወድቃል፣ ይንዘፈዘፋል። በአንገቱ ላይኛው ሦስተኛ ክፍል ሁለቱን የሚለይ ጡንቻ ስላለ መርፌው የሚወጋው እዚያ ነው።

ማንከስን መለየት ዓይን ይጠይቃል። የፊት እግሩን ያመመው ፈረስ በሶምሶማ ሲሮጥ የታመመው እግር ሲረግጥ ጭንቅላቱን ያነሳል፣ ጤነኛው ሲረግጥ ይጥላል። ጀማሪ ደግሞ ጭንቅላቱ የወረደበትን እግር በሽተኛ ይለዋል። ሕመሙ በብዛት የሚገኘው ሰኮና ውስጥ ስለሆነ፣ ትከሻ ላይ ጊዜ ከማጥፋት አስቀድሞ ሰኮናውን አጥቦ በጉጠት መጫን ይሻላል።

ትምህርቱ ከግቢ ሲወጣ መልኩ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ1979 በቢሾፍቱ የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ የጋሪ ፈረስ በደጁ ያልፋል፣ እንደ ስፓና እና ዶንኪ ሳንክቸሪ ያሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም በከተማዋ አብረውት ሠርተዋል። ተማሪው የሚያየው መጽሐፉ የሚያወሳውን የውድድር ፈረስ አይደለም፤ ልጓም አፉን የቆረጠውን፣ የጋሪ ዕቃ ደረቱን የላጠውን፣ በቆዳው ሥር እንደ ገመድ ያበጡ ሊምፍ ቧንቧዎቹ መግል የሚያፈሱትን ነው። የመጨረሻው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው፤ ቁስልን ተከትሎ ይገባል፣ ሕክምናውም በአዮዳይድ ሳምንታት ይወስዳል። ባለጋሪው «ለስንት ቀን ላሳርፈው?» ሲል የዕለት እንጀራውን እየጠየቀ ነው። «ይረፍ» ብሎ ማሰናበት ሕክምና አይሆንም። የሽቦውን ልጓም ለስላሳ በሆነ እንዲቀይር፣ ቁስሉ ላይ የሚያርፈውን ማሰሪያ እንዲያነሳ፣ በቆሰለ ቁጥር ቴታነስ ሊይዘው የሚችለውን ፈረሱን እንዲያስከትብ ማሳየት ግን ነው።

አህያ ትንሽ ፈረስ ተደርጋ መታየቷ ሌላው ጉድለት ነው። ሕመሟን ስለምትደብቅ የከፋው ቁርጠት እንኳ ዝም ብሎ የቆመ እንስሳ ሊመስል ይችላል። አንገቷ ላይ ያለው ቆዳና የቆዳ ጡንቻ ወፍራም ነው፣ የአፍንጫዋ መተላለፊያ ጠባብ ነው፣ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻ ከሰውነቷ ቶሎ ይወጣል። መብላት ካቆመች ደግሞ ስብ ወደ ደሟ ይፈስና ጉበቷን ይጎዳል።

የዚህ ሁሉ መለኪያ የጽሑፍ ፈተና ሊሆን አይችልም። ተማሪው ከማያውቀው ፈረስ ጋር ቆሞ፣ ፈታኙ እያየ መቅረብ፣ መቁጠር፣ ማዳመጥ፣ ቱቦ በአምሳያ ላይ ማስገባት፣ በመጨረሻም ለባለጋሪው ጥያቄ በሚገባው ቋንቋ መመለስ አለበት፤ ለመልሱም ነጥብ ይያዝለታል።