ሰባቱን የምትሞክር ልጅ ማን ይፈልጋት?

እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና ሲነሳ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያስታውሰው ጥሩነሽ ዲባባን ነው። በ10 ሺህም በ5 ሺህም ወርቅ ወሰደች። በ5 ሺህ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያለውን ቦታ የያዙት በሙሉ ኢትዮጵያውያት ነበሩ።

በዚያው ሻምፒዮና፣ በዚያው ስታዲየም፣ እዚህ ሀገር ብዙ ሰው ልብ ያላለው ሌላ ነገርም ሆኗል። ማርጋሬት ሲምፕሰን የምትባል ጋናዊት በሄፕታትሎን የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች። ብሩን የወሰደችው ዩኒስ ባርበር ለፈረንሳይ ትሮጥ እንጂ የተወለደችው ሴራሊዮን ነው። ወርቁ የስዊድኗ ካሮሊና ክሉፍት ነበር። ማለትም "የአውሮፓውያን ስፖርት" በሚባለው ውድድር መድረክ ላይ ከቆሙት ሦስት ሴቶች ሁለቱ አፍሪካ ውስጥ የተወለዱ ነበሩ።

ሄፕታትሎን በሁለት ቀን ሰባት ውድድር ነው። በመጀመሪያው ቀን 100 ሜትር መሰናክል፣ ከፍታ ዝላይ፣ አሎሎ ውርወራና 200 ሜትር። በሁለተኛው ርዝመት ዝላይ፣ ጦር ውርወራና 800 ሜትር። የወንዶቹ ዴካትሎን አሥር ነው፤ ዲስከስና ምርኩዝ ዝላይ ይጨመሩበትና በ1500 ሜትር ያበቃል። በእያንዳንዱ ውድድር የተገኘው ውጤት በዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ወደ ነጥብ ይቀየራል፤ ድምሩ ከፍ ያለው ያሸንፋል።

አፍሪካ ለእነዚህ አትሌቶች የራሷ አህጉራዊ ሻምፒዮና አላት። አንዳንዴ ከዋናው የአፍሪካ ሻምፒዮና ጋር፣ አንዳንዴ ለብቻው ይካሄዳል፤ ለብቻው ሲሆን ሞሪሸስ ደጋግማ አስተናግዳዋለች። ተሳታፊው ብዙ ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። ከዚህ ዓይነቱ ጠባብ መድረክ ግን እንደ አልጄሪያዊው ላርቢ ቡራዳ ያለ ሰው ወጥቷል፤ በሪዮ ኦሊምፒክ 8,521 ነጥብ ሰብስቦ አምስተኛ ሆኗል። ትንሿ ቤኒንም ኦዲል አዋንዋኑን አፍርታለች። ስለ ጥምር ውድድር ሲወራ የኢትዮጵያ ስም ግን አይነሳም።

ለምን ሲባል የተለመደው መልስ "የእኛ ተፈጥሮ ለሩጫ ነው" የሚል ነው። ይህን መልስ ኬንያ አፍርሳዋለች። እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ በረጅም ርቀት የምትታወቀው ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ በጦር ውርወራ የዓለም ሻምፒዮን አገኘች። ጁሊየስ ዬጎ ጦር አወራወር የተማረው ከዩቲዩብ ቪዲዮ ነበር። በ92.72 ሜትር ሲያሸንፍ ስለ ኬንያውያን ተፈጥሮ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይሻላል። ገንዘቡ ውስን ነው፣ ሜዳሊያ የሚመጣው ከሩጫ ነው፣ ሁለት ያባረረ አንዱንም አይዝም ይባላል። እውነት አለው። ከአበበ ቢቂላ የሮም ድል ጀምሮ እስከ ፓሪስ 2024 ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ያገኘችው ሜዳሊያ በሙሉ ከ800 ሜትርና ከዚያ በላይ ካለ ሩጫ የመጣ ነው። ይህን ትታችሁ ሌላ አሳዱ የሚል ጤነኛ ሰው የለም።

ጥያቄው ግን ሩጫው ይቅር የሚል አይደለም። ሩጫው የማይፈልጋቸው ልጆች የት ይሂዱ የሚል ነው።

ጥምር ውድድር ከረጅም ርቀት ሯጭ አንዲት ልጅ እንኳ አይቀማም። ለዚህ ማስረጃው ራሱ የነጥብ ሰንጠረዡ ነው። በዴካትሎን 1500 ሜትርን በ4 ደቂቃ ከ30 የጨረሰ 745 ነጥብ ገደማ ያገኛል። በ3 ደቂቃ ከ40 የገባ ድንቅ ሯጭ ደግሞ 1,100 ገደማ። የ50 ሰከንድ ልዩነት 360 ነጥብ ያህል ብቻ ነው። በ100 ሜትር ግን ከ11.5 ወደ 10.5 መውረድ፣ ያቺ አንዲት ሰከንድ፣ ለብቻዋ 220 ነጥብ ያህል ታስገኛለች። ስለዚህ ሰንጠረዡ የሚፈልገው ሌላ ዓይነት ሰው ነው፤ ፈጣን፣ ቁመተ ረጅም፣ ጉልበት ያለው፣ ሁሉን የሚሞክር።

እንዲህ ዓይነት ልጅ በየትምህርት ቤቱ አለች። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ያውቃታል። በክፍል ውድድር 100 ሜትሩንም ዝላዩንም አሎሎውንም የምታሸንፈው እሷ ነች። ምልመላ ሲመጣ ግን የሚለካው ስንት ዙር መሮጥ እንደምትችል ነው። አምስተኛው ዙር ላይ ትቀራለች፤ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በሀገር ውስጥ ውድድሮች በዝላይና በውርወራ ከሚያሸንፉት መካከል ከጋምቤላ የሚመጡ ልጆች ስም ደጋግሞ ይሰማል። እነሱም ቢሆኑ ከብሔራዊ ሻምፒዮናው ወዲያ መንገዱ ይዘጋባቸዋል።

የመሣሪያ ወጪ ይነሳል። ለዴካትሎን ትክክል ነው፤ የምርኩዝ ዝላይ ምርኩዝና ፍራሽ ውድ ናቸው። ሄፕታትሎን ውስጥ ግን ምርኩዝ የለም። የሚያስፈልገው መሰናክል፣ የከፍታ ዝላይ ፍራሽ፣ አሎሎ፣ ጦር፣ የአሸዋ ጉድጓድና መም ነው። አንድ ደህና የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ሊኖሩት የሚገቡ ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ መጀመር ያለበት ከሴቶቹ ነው።

ሰንጠረዡ ሌላም ጥቅም አለው። አሰላ ላይ በትክክል የተመዘገበ 4,500 ነጥብ ሞሪሸስ ላይም 4,500 ነው። ውጤቱ አይዋሽም፣ ዘመድ አያውቅም። ፌዴሬሽኑ በየዓመቱ አንድ ብሔራዊ የሄፕታትሎን ውድድር በቁም ነገር አካሂዶ ነጥቡን ይፋ ቢያደርግ ሀገሪቱ የት እንዳለች ሁሉም ያያል። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልጆች ወደ አፍሪካው ሻምፒዮና ይላክ። መጨረሻ ቢወጡስ? በዚህ ውድድር መጨረሻ የወጣችም ቁጥር ይዛ ትመለሳለች፤ በሚቀጥለው ዓመት የምትፎካከረው ከዚያ ቁጥር ጋር ነው። የጥምር ውድድር አትሌቶች ከመጨረሻው ሩጫ በኋላ አንደኛውም መጨረሻውም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን የመዞር ልማድ ያላቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት አይደለም። ሁለት የአውሮፕላን ትኬት፣ አንድ አሠልጣኝ፣ እና "ሜዳሊያ የት አለ?" ብሎ በመጀመሪያው ዓመት የማይጠይቅ ኃላፊ ነው። ሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ የሚከብድ ይመስላል።

የሄፕታትሎን የመጨረሻው ውድድር 800 ሜትር ነው፤ ጽጌ ዱጉማ ፓሪስ ላይ ብር ያመጣችበት ርቀት። ሰባተኛውን ኢትዮጵያ ታውቀዋለች። ስድስቱን የምታስተምራት ልጅ ደግሞ አሁን አንዱ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እየዘለለች ነው።