ባሕሩን ሳይመርዙ መጠበቅ

በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚገኘው የሹዐይባ ጣቢያ የባሕርን ጨው አስወግዶ ለመካና ለጅዳ የመጠጥ ውሃ ያቀርባል። የእንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ስውር ፈተና ባክቴሪያ ነው፤ በማጣሪያ ላይ ተጣብቆ አንሸራታች ንጣፍ ይሠራል፣ የውሃውንም መተላለፊያ ይዘጋል። በመርከብ አካል ላይ ሲሰፍርም ለዛጎል ለበስ ፍጥረታት መንገድ ይጠርጋል።

እስካሁን መፍትሔው በአብዛኛው መርዝ ነበር። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ በመርከብ ቀለም ውስጥ ይገባ የነበረው ትሪቡቲልቲን የባሕር ቀንድ አውጣዎችን በመጉዳቱ እ.ኤ.አ. በ2008 በጸና ዓለም አቀፍ ስምምነት ታግዷል።

ሌላ መንገድ አለ። ባክቴሪያዎች በኬሚካል ምልክት ይግባባሉ፤ መብዛታቸውን ሲያውቁ በኅብረት ይንቀሳቀሳሉ። ዴሊሲያ ፑልክራ የተባለችው የአውስትራሊያ ቀይ የባሕር አረም ይህን ምልክት በማወክ ገላዋን ከወራሪ ትጠብቃለች። ሳይገድሉ ማስቆም ይቻላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መርጃን የሚባለው ኮራልም ከባክቴሪያ ጋር ተደጋግፎ ይኖራል፤ በላዩ የሰፈሩትም በተመሳሳይ ምልክቶች ይግባባሉ። ለመርከብና ለቱቦ የታሰበው መድኃኒት እነርሱንም ዝም ካሰኘ፣ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ቀለም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በቀይ ባሕር ኮራሎች ላይ የሚያስከትለው ውጤት ሊፈተሽ ይገባል። ባሕሩ አማና ነው፤ ውሃውን የሚጠጣ ሕዝብ አማናውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።