የላላ ቺንጋ ጉልበት ሳይሆን ልኬት ይሻል

የሞተር ክዳን ተከፍቶ፣ ሁለት ሦስት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው እየተመለከቱ፣ አንዱ «ቺንጋው ላልቷል፤ ጠበቅ አድርገውና ይሂድ» ሲል መስማት በየጋራዡ የተለመደ ነው። ምክሩ ቀላልና ወጪ ቆጣቢ ይመስላል። ነገር ግን የተባለው ከውጭ የሚታየው የዲናሞ ቺንጋ ሳይሆን በሽፋን ውስጥ ተሰውሮ የሚዞረው የታይሚንግ ቺንጋ ከሆነ፣ ይህች አጭር ምክር የአንድ ሞተር ዋጋ ልታስከፍል ትችላለች። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ለአንድ ሐሳብ ነው። የላላ ታይሚንግ ቺንጋ ከመጥበቁ በፊት ለምን እንደላላ መመርመር አለበት፤ ሲጠብቅም በጉልበት ሳይሆን በልኬት ሊሆን ይገባል።

ለመሆኑ የዚህ ቺንጋ ሥራ ምንድን ነው? ባለ አራት ምት በሆነ ሞተር ውስጥ ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት። ይህን የ2 ለ1 ምጣኔ የሚያስጠብቀው በውስጥ ገጹ ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ቫልቭም በሴኮንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በክራንክሻፍቱ ላይ ያለው ጥርሳም ጎማ 20 ጥርስ ቢኖረው የካምሻፍቱ 40 ይኖረዋል። የላላው ቺንጋ አንዲት ጥርስ ብቻ ቢዘል የሚፈጠረው መዛነፍ 360 ለ20 ሲካፈል፣ ማለትም በክራንክሻፍቱ ዙር 18 ዲግሪ ነው። ይህን ያህል የተዛነፈ ሞተር ለመነሣት ያስቸግራል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል።

የከፋው ጉዳት የሚመጣው ቺንጋው ብዙ ጥርስ ሲዘል ወይም ሲበጠስ ነው። በብዙ ሞተሮች ውስጥ ፒስተኑና ቫልቩ አንዱን ቦታ በፈረቃ ይጠቀሙበታል። ፈረቃው ሲፋለስ ፒስተኑ የተከፈተውን ቫልቭ ይመታዋል፤ ቫልቩም ይጣመማል። አንዳንድ የቤንዚን ሞተሮች በሁለቱ መካከል በቂ ክፍተት ስላላቸው ከዚህ አደጋ ይድናሉ። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን እጅግ አጥብቆ ማመቅ ስላለበት ከፒስተኑ በላይ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው፤ ስለዚህም መትረፉ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይታሰብም።

ቀደም ሲል ይህን ሥራ የሚሠሩት የብረት ሰንሰለትና ጥርሳም ጎማዎች ነበሩ። የጎማ ቺንጋን በብዛት ለተመረተ መኪና በማዋል ፈር ቀዳጅ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1962 የቀረበው የጀርመኑ ግላስ 1004 ነው። ቺንጋው ቀላል ነው፤ ድምፅ አያበዛም፤ ዘይትም አይፈልግም። ነገር ግን ዕድሜው የተወሰነ ነው። ሰንሰለት ሲያረጅ ብዙውን ጊዜ በመንኳኳት ያስጠነቅቃል፤ ቺንጋ ግን ድምፁን አጥፍቶ ሊበጠስ ይችላል።

እንግዲህ ቺንጋው ለምን ይላላል? በየጋራዡ ቀድሞ የሚሰጠው መልስ «ተለጥጦ ነው» የሚል ነው። ይሁንና በጎማው ውስጥ ሸክሙን የሚሸከሙት በአብዛኛው ከመስታወት ጭረት የተፈተሉ ገመዶች ናቸው፤ የተመረጡትም በቀላሉ የማይለጠጡ በመሆናቸው ነው። ስለዚህ ጥርጣሬያችን በቅድሚያ ወደ ሌሎች ክፍሎች ሊያመራ ይገባል። የቴንሽነሩ ሞላ ደክሞ፣ የቴንሽነሩ ወይም የውኃ ፓምፑ ኩሽኔታ ተበልቶ፣ ቡሎኑ በሚገባ ሳይጠብቅ ቀርቶ፣ ወይም የቺንጋው ጥርሶች ተልጠው ሊሆን ይችላል። ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት አርጅቶ በሚያፈስሰው ዘይት ቺንጋው ርሶም ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ መካከል ቴንሽነሩን አጥብቆ በመግፋት የሚድን አንድም የለም። የተበላ ኩሽኔታ ይለወጣል፤ በዘይት የራሰ ወይም የተሰነጠቀ ቺንጋም እንደዚሁ።

ምርመራው የሚከናወነው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞና የባትሪው ገመድ ተነቅሎ ነው። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቺንጋውን ይወጥረዋል፤ ስለዚህ በሞቀ ሞተር ላይ የተወሰደ ልኬት ያሳስታል። የቆየው ዘዴ በረጅሙ የቺንጋው ክፍል መካከል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ሩብ ዙር ማጣመም ነው፤ ከዚያ በላይ በቀላሉ ከተጣመመ ላልቷል ይባላል። ይህ ለመጠርጠር ይበቃል፤ ለመወሰን ግን አይበቃም። የሞተሩ መመሪያ ከዚህ የተሻለ ነገር ይሰጠናል። ለምሳሌ በኮሮላ መኪኖች ላይ ለሚገኘው የቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር የተቀመጠው ልክ፣ ቺንጋው 2 ኪሎ ግራም በሚመዝን ኃይል ሲገፋ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር እንዲረግብ ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ትንሽ የምንጠልጠል ሚዛንና አንድ ማስመሪያ ብቻ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። የክራር አውታር ሲላላ ድምፁ እንደሚወፍር፣ ሲጠብቅ እንደሚቀጥን ሁላችንም እናውቃለን። ቺንጋም በጣት ሲመታ እንዲሁ ይርገበገባል። ርዝመቱና ክብደቱ ካልተለወጠ ውጥረቱ ከርግብግቢቱ ድግግሞሽ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ድግግሞሹ በ10 በመቶ ቢቀንስ ውጥረቱ የቀነሰው በ19 በመቶ ነው። አምራቾች ድግግሞሹን በሚገልጹባቸው ሞተሮች ላይ ይህ ልኬት ማይክሮፎን ባለው መሣሪያ ይከናወናል።

ማስተካከሉም ሥርዓት አለው። በሞላ በሚሠራ ቴንሽነር ላይ በመጀመሪያ የክራንክሻፍቱና የካምሻፍቱ ምልክቶች ይገጣጠማሉ። ከዚያ የቴንሽነሩ ቡሎን ሲላላ ሞላው ራሱ ቺንጋውን ይወጥረዋል። ቀጥሎም ክራንክሻፍቱ በእጅ፣ በቁልፍ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ካምሻፍቱ አንድ ዙር የሚጨርሰው ያኔ ነውና። በዚህ መካከል የሚያግድ ነገር ከተሰማ ወዲያው መቆም እንጂ መታገል አይገባም፤ ቫልቭ ፒስተንን ነክቶ ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹ ዳግመኛ ከተገጣጠሙ ቡሎኑ በመመሪያው ልክ ይጠብቃል፤ ውጥረቱም እንደገና ይለካል። በዘይት ግፊት የሚሠራ ቴንሽነር ያላቸው ሞተሮች ሥርዓታቸው የተለየ ስለሆነ የራሳቸውን መመሪያ መከተል ይገባል።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምንቃወመው ካቻቪቴ ወይም ሌላ ብረት ሰክቶ ቴንሽነሩን በጉልበት መግፋትን ነው። ሞላው የሚሰጠው ኃይል በመሐንዲሶች የተሰላ ነው። በሁክ ሕግ እንደተማርነው ኃይሉ ከመለጠጡ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ሞላው ነፃ ሆኖ ሳለ ያለውን ርዝመት ለክቶ ከመመሪያው ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ ከረዘመ መለወጥ ነው። ከልክ በላይ የጠበቀ ቺንጋም መድኃኒት አይሆንም። ያፏጫል፤ የውኃ ፓምፑንና የቴንሽነሩን ኩሽኔታ ይበላል፤ የራሱንም ዕድሜ ያሳጥራል።

«ዕድሜዬን ሙሉ በጆሮዬና በጣቴ ሠርቻለሁ» የሚሉን መካኒኮች አሉ። ይህን ዕውቀት አናጣጥልም፤ ብልሽትን በድምፅ ብቻ የሚለዩ ባለሙያዎች በእርግጥ አሉን። ነገር ግን የአንዱ ጣት የሌላውን አያክልም፤ በጣት የታወቀውንም ለተለማማጁ በቁጥር ማስረከብ አይቻልም። ወቀሳው ደግሞ በእነርሱ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። እኛ የሳይንስ ተማሪዎች የተወጠረ አውታርን ርግብግቢት በፈተና ወረቀት ላይ ስናሰላ ኖረን፣ አንድም ቀን ቺንጋ መትተን ያላዳመጥን ብዙ ነን። መካኒኩ ያለ ቁጥር፣ ተማሪው ያለ ቺንጋ መቅረታቸው አንድ ጉድለት ነው።

ጉዳዩ በአገራችን የሚያሳስብበት ምክንያትም አለ። ለታክሲነት ካገለገሉት የሃይኤስ ሚኒባሶች ብዙዎቹ የናፍጣ ሞተራቸው ታይሚንግ ቺንጋ ያለው ነው። በብዙዎቹ ዳሽቦርድ ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚበራ የቺንጋ መብራት አለ። ይህ መብራት ግን የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ነው እንጂ የቺንጋውን መላላት አያይም፤ የመኪናው ቆጣሪ ተነካክቶ ከሆነም ምስክርነቱ ዋጋ የለውም። በሌላ በኩል እንደ ቪትዝ ያሉት መኪኖች በሰንሰለት ስለሚሠሩ ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ታይሚንግ ቺንጋ የለውም፤ በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎቹ ግን ገና ለዓመታት ያገለግላሉ። ከእነርሱም በአንዷ ገቢ የሚተዳደር ቤተሰብ፣ ሞተሩ በሰበብ በጠበቀ ቺንጋ ሲጠፋ የሚያጣው የዕለት እንጀራውን ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ቺንጋ በተለወጠ ቁጥር ቀኑና ኪሎ ሜትሩ በማይጠፋ ቀለም በሽፋኑ ላይ ይጻፍ። ታሪኩ ያልታወቀ አሮጌ ቺንጋ ደግሞ ከማጥበቅ ይልቅ ከቴንሽነሩ ጋር ይለወጥ። የፊዚክስ ቤተ ሙከራዎቻችንም ከሽቦው አጠገብ አንድ አሮጌ ቺንጋ ይወጥሩ፤ በአካባቢው ካለ ጋራዥም አንድ መካኒክ ይጋበዝ። እርሱ በጣቱ የገመተውን ተማሪዎቹ በሚዛንና በድግግሞሽ ይለኩት፤ ልዩነቱንም አብረው ይመልከቱት።