የባህል ጨዋታና የአካል ብቃት፦ ተራ የሚጠብቀው ልጅ ጉዳይ

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ ጫና ያለው የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነውና የ146 አገራትን መረጃ ያካተተው የድርጅቱ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳመለከተው ግን፣ በ2016 ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሚገኙ ተማሪዎች መካከል 81 በመቶ የሚሆኑት በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም ነበር። ድርሻው በወንዶች 78፣ በልጃገረዶች 85 በመቶ ነው።

ይህን ጉድለት ለማቃለል በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሊወሰዱ ከሚችሉ እርምጃዎች አንዱ የባህል ጨዋታዎችን ወደ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ማስገባት ነው። ሐሳቡ ተገቢ ነው። አንድ ኳስ ለ60 ተማሪዎች በሚዳረስበት ግቢ፣ በጠመኔ ወይም በእንጨት ጫፍ መሬት ላይ የሚሠመር ሰኞ ማክሰኞ ይህ ነው የሚባል ወጪ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ጨዋታው ባህላዊ መሆኑ ብቻውን የአካል ብቃትን አያጎለብትም። የሚያጎለብተው የእንቅስቃሴው ዓይነት፣ ጫናና ቆይታ ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታዩ ጨዋታዎቹ እኩል አይደሉም። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር መዝለልንና ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሣትን ስለሚጠይቅ ሚዛን የመጠበቅ ችሎታንና የእግር ጡንቻን ያሠራል። በሁለት ልጆች እግር ላይ በተወጠረ ላስቲክ የሚዘለለው ሱዚ፣ ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ ወደ ጉልበትና ወደ ወገብ ከፍ ስለሚል፣ በሥልጠና ሳይንስ ጫናን ደረጃ በደረጃ መጨመር የሚባለውን መርሕ በገዛ ሕጉ ውስጥ ይዟል። ሌባና ፖሊስ አጫጭር የፍጥነት ሩጫንና ዕረፍትን ያፈራርቃል። ገና ደግሞ በሰፊ ሜዳ ሩርን በቆልማማ ዱላ እየመቱ መሮጥን ስለሚጠይቅ የልብና የሳንባን ጽናት ይፈትናል፤ በትምህርት ቤት ግን ዱላው በቀላል ቁስ ሊተካ፣ ከጉልበት በላይ እንዳይነሣም ሊደነገግ ይገባል። በአንጻሩ ገበጣ ለስሌትና ለትኩረት የሚጠቅም የከበረ ጨዋታ ቢሆንም ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው። ከገናና ከትግል ጋር በባህል ስፖርትነት መመደቡ ይህን እውነታ አይለውጠውም።

ከምርጫው ይልቅ የሚዘነጋው የጊዜ አጠቃቀሙ ነው። ከ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለመሰለፍና ለማሟሟቅ 10 ደቂቃ ቢነሣለት 30 ደቂቃ ይቀራል። አሥር ልጆች በአንድ ሰኞ ማክሰኞ ላይ ተራ ቢጠብቁ የእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ 3 ደቂቃ ይሆናል፤ ቀሪውን 27 ደቂቃ ቆሞ ያሳልፈዋል። ሦስት ሦስት ልጆች ቢመደቡ ግን ድርሻው ወደ 10 ደቂቃ ያድጋል። ለ60 ተማሪዎች 20 ቦታ ማስመር የሚጠይቀው ጠመኔና የመምህሩ ቅድመ ዝግጅት ብቻ ነው።

ችግሩ በሁሉም ልጅ ላይ እኩል አይወድቅም። በሱዚ የሳተች ልጅ ላስቲኩን ይዛ ትቆማለች፤ በማባረር ጨዋታ ቀድሞ የተያዘ ልጅ ዳር ይቀመጣል። በመሆኑም እንቅስቃሴ ይበልጥ የሚያስፈልገው ደካማው ልጅ ከሁሉ ያነሰ ይንቀሳቀሳል፤ ብርቱው ይበልጥ ይበረታል። ተራው በስሕተት ሳይሆን በደቂቃ ቢለዋወጥና የተያዘ ልጅ ጥቂት ዘልሎ ወደ ጨዋታው ቢመለስ ይህ መዛባት ይቀንሳል። ሕጉን መለወጥ ባህሉን መንካት ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን የሰኞ ማክሰኞ ሕግ ድሮም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፤ ልጆች ራሳቸው ከመጀመራቸው በፊት ተስማምተው የሚወስኑት ነው። እንዲሁም በልማድ የወንዶች የሆነው ገና ብቻ ተመርጦ የልጃገረዶቹ ሱዚ ቢቀር፣ ከላይ የተጠቀሰው የጾታ ልዩነት ሊሰፋ ይችላል።

ይህ ለድኅረ ምረቃ ጥናቶች የሚያቀርበው ጥያቄ አለ። አንድን ክፍል ለተወሰኑ ሳምንታት አጫውቶ፣ ምንም ሳይሠራ ከቆየ ሌላ ክፍል ጋር ማነጻጸር የሚያረጋግጠው መንቀሳቀስ ከመቀመጥ መሻሉን ነው፤ ለዚያ አዲስ ጥናት አያስፈልግም። ተገቢው ንጽጽር ለእኩል ደቂቃ ከሚሰጥ መደበኛ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ጋር ነው። ልጆች በማደግ ብቻ ውጤታቸው ስለሚሻሻል የንጽጽር ቡድኑ የዕድሜ ስብጥርም ሊመሳሰል ይገባል። ከ20 ሜትር የምልልስ ሩጫና ከቁም ዝላይ ፈተና ጎን ለጎን እያንዳንዱ ልጅ በተግባር የተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ሊመዘገብ ይገባል። ውጤቱም በክፍሉ አማካይ ብቻ ሳይሆን፣ በመነሻው ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ባስመዘገቡት ልጆች ለውጥ ጭምር ሊለካ ይገባዋል።

የባህል ጨዋታዎች በትምህርት ቤት ግቢ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል። የሚገቡት ግን በባህል ቀን ለሚታይ ትርኢት ሳይሆን ለሳምንታዊው ክፍለ ጊዜ ከሆነ፣ መመዘን ያለባቸው በናፍቆት ሳይሆን ዳር የቆመውን ልጅ ለስንት ደቂቃ ወደ ጨዋታው እንደመለሱት ነው።