«ልጆች አፍርተዋል» ብቻ?

ይድረስ ለአገር ቤት ወገኖቼ፤

የአክስቴን ቀብር በቴሌግራም ልካችሁልኝ አየሁት። እግዜር ይስጥልኝ። ድንኳኑም፣ እድሩም፣ ሕዝቡም አልጎደለም። ያንገበገበኝ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ነው፦ በ1921 ዓ.ም. ተወለዱ፤ ትዳር ይዘው ልጆች አፈሩ፤ እንግዳ ተቀባይና ጸሎተኛ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አረፉ። አለቀ። ዘጠና አምስት ዓመት እኮ ነው!

«ለቀብር እንኳ ያልደረሰ ምን አገባው» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ድንኳን የተከላችሁትም ንፍሮ የቀቀላችሁትም እናንተ ናችሁ። ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝም ፈርቻለሁ። ግን አላስችለኝ አለ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወርውሮ ፋሺስቶች አዲስ አበባን ሦስት ቀን ሲጨፈጭፉ አክስቴ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ጠላ ሸጠው ያሠሯትን የኪራይ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 «ትርፍ» ብሎ ወረሳት። በቀይ ሽብር ልጃቸው ሲገደል ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ለእሱ ጥቁር የለበሱት ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1983 ነው። ይሄ ሁሉ «ልጆች አፈሩ» በምትል ቃል ታለፈ!

የሹም ቀብር ሲሆንስ? «ከዚህ ዓመት እስከዚያ ዓመት የመምሪያ ኃላፊ» እየተባለ ፀሐይ እስኪያዞረን ይነበባል። አዋጅ ያወጣው ሰው ታሪክ አለው፤ ቤቷ የተወረሰባት ሴትስ?

እዚህ አሜሪካ ተራ ጡረተኛ ሲሞት የዘመተበት ጦርነት፣ የሠራበት ፋብሪካ፣ የተሰደደበት ዓመት በሰፈሩ ጋዜጣ ይወጣል። ፈረንጅ ማድነቄ አይደለም፤ ለጋዜጣውም ቤተሰቡ ይከፍላል፣ ቀብሩ ላይም ጥቂት ሰው ነው የሚገኘው። እናንተ ግን ሰፈር ሙሉ ሰው ቆሞ እየሰማችሁ ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ጆሮው ሞልቶ ነገሩ ጠፋ።

ካህናቱ ይቸኩላሉ፣ የሟች ገመና አደባባይ አይወጣም የምትሉ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ እንሟገት። ሰማንያ የዘለሉ እናት ቤታችሁ ካሉ ግን አስቀድማችሁ ጠይቋቸው፦ አዋጁ በሬዲዮ ሲነገር የት ነበሩ? ማን ተወሰደባቸው? ምን ሸጠው አሳደጓችሁ? «የውጭ አገር ኑሮ አስታበየው» ብላችሁ ልትሰድቡኝ የተነሳችሁም ስደቡኝ፤ ከስድቡ በላይ ግን የእናታችሁን መልስ ጻፉበት።