የፊስቱላ ሕክምና ከመዲናዋ ወደ ክልሎች

በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ጳውሎስ አካባቢ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከየክልሉ በሪፈር የሚላኩ ሕሙማንን የሚያስተናግድ ተቋም ነው። በ1961 ዓ.ም. ሲመሠረት የታሰበው ለችግረኞች ሕክምና እንዲሰጥ ነበር። የሪፈር ወረቀቱን የጻፈው የወረዳ ባለሙያ ድርሻውን ተወጥቷል፤ የጉዞው፣ የማደሪያውና የአስታማሚው ወጪ ግን በቤተሰቡ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ይህ አሠራር ጨርሶ የማያዋጣው ሕመም ቢኖር የወሊድ ፊስቱላ ነው። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን የውስጥ አካል ከዳሌ አጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ደም ያጣው ሥጋ ሞቶ ይበሳል፤ ሽንት፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድር ያለማቋረጥ ይፈሳል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። ከጠረኑ የተነሣ ባል የሚፈታት፣ ተሳፋሪው ከአውቶቡስ እንድትወርድ የሚጠይቅባት ሴት እስከ መዲናዋ ትድረስ ማለት በአመዛኙ አትታከም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ከኒውዚላንድ የተወለዱት ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲሠሩ ያጋጠማቸው ይኸው ችግር ነበር። በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ሕክምናው ያለክፍያ ይሰጣል፤ እስካሁን የታከሙት ሴቶች ቁጥርም ከ60 ሺህ በላይ ነው። ይሁንና ሆስፒታሉ ለሦስት አሠርት ዓመታት ያህል ታካሚዎቹን የጠበቀው በመዲናዋ ሆኖ ነው።

አቅጣጫው የተለወጠው በ2005 በባሕር ዳር የመጀመሪያው የክልል ማዕከል ሲከፈት ነው። እስከ 2010 ባሉት ዓመታት መቀሌ፣ ይርጋዓለም፣ ሐረርና መቱ ተከተሉ። የቦታ አመራረጡ በካርታ ላይ ሲታይ ሰሜኑን፣ ደቡቡን፣ ምሥራቁንና ምዕራቡን ያዳረሰ ነው። ሆኖም አምስቱም ከተሞች ናቸው። ባሕር ዳር ለአዲስ አበባ ሰው ክልል ቢሆንም፣ ከተከዜ ሸለቆ በወሳንሳ ለምትወርድ ወላድ ሌላ መዲና ነው።

ከሕንፃዎቹ ይልቅ ትኩረት የሚያሻው በ2007 የተከፈተው የሐምሊን አዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ተማሪዎቹን ከገጠር አካባቢዎች መልምሎ፣ አስመርቆ ወደየአካባቢያቸው ይመልሳል። ምሩቃኑ በማዕከላቱ ዙሪያ ባሉ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ይመደባሉ። አመክንዮው ቀላል ነው፦ ፊስቱላ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል፤ የተራዘመውን ምጥ በጊዜው ለይታ ወደ ሆስፒታል የምትልክ አዋላጅ ካለች ግን ከነጭራሹ አይከሰትም። መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የተነሣው ከዚሁ እሳቤ ነበር። ባለሙያ ወደ ገጠር የመላክና እዚያው የማቆየት ችግር ለየትኛውም የሰው ኃይል መምሪያ እንግዳ ባለመሆኑ፣ የምልመላው ዘዴ በጥሞና ሊጠና የሚገባው ነው።

የማዕከላቱ ጥቅም በመንገድና በሰላም ላይ የተመሠረተ መሆኑም ሊሰወር አይገባም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶ ለሁለት ዓመታት በትግራይ በዘለቀው ጦርነት ትራንስፖርት፣ ባንክና ስልክ ሲቋረጡ፣ መቀሌ ላይ ማዕከል መኖሩ ብቻውን ለገጠሯ እናት መዳረሻ አልሆናትም። ዶክተር ካትሪን ይህን ሳያዩ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አርፈዋል።

ከአምስቱ ማዕከላት አንዱም በአፋር፣ በሶማሌ፣ በጋምቤላ ወይም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ አይገኝም። ከጋምቤላ የምትነሣ ታካሚ በጎሬ አድርጋ መቱ፣ ከጅግጅጋ የምትነሣዋ ደግሞ ሐረር ለመድረስ የክልል ወሰን ትሻገራለች። ሕክምናው ነፃ ነው፤ የመኪናው ሒሳብ ግን ከላኪው ወረዳ፣ ከክልሉ ጤና ቢሮ ወይስ ከቤተሰቡ እንደሚሸፈን በበጀት ሰነድ ተለይቶ መቀመጥ ያለበት ጉዳይ ነው።